እናት አውፍ ትላለች

በጨፌ ውሃ እርቅ ማክሰኞና ሐሙስ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይጀምራል፣ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ባለጉዳዮች የቀጠሮ ቁጥራቸውን ይዘው ሩብ ሰዓት ቀደም ብለው መገኘት አለባቸው፤ ሟች ብቻ ቁጥር አይሰጠውም። አበጋሩ ሙሄ ይመር ከሁሉም ቀድሞ ይደርሳል። የስድሳ ዘጠኝ ዓመት ሰው እንቅልፍ አይበዛበትም፤ ደግሞም በሩ የዘገየን ሰው ስም ጮክ ብሎ ስለሚጠራ፣ በዚህ ዕድሜው በበር መሰደብ አይፈልግም።

አበጋር ማለት በወሎ ደም የሚያደርቅ ሰው ነው። ሰው ሲገደል የገዳይንና የሟችን ወገን ፊት ለፊት ያስቀምጣል፤ ቂሙ ከአባት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ ያደርጋል። የሙሄ አባት አበጋር ነበሩ፣ አያቱም እንደዚያው። እነሱ ፈቃድ አልነበራቸውም። ሙሄ ግን አለው፤ በየሦስት ዓመቱ የሚታደስ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል፣ ፎቶው ከባለቤቱ ይልቅ የሚስቅ ፈቃድ።

አዳራሹ የተሠራው በድሮው ዋርካ ዙሪያ ነው። ጣራው እንዲበቃው የዋርካው አናት ተከርክሟል፤ ወፍ እንዳይገባ መረብ ተደርጎበታል፤ ቅጠሉ እንዳይረግፍ በየሳምንቱ አንድ ሽታ የሌለው ፈሳሽ ይረጩታል። ከዚያ ወዲህ ዋርካው ቅጠል አልጣለም፣ አዲስም አላበቀለም። ወደ ከተማው የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ከፊቱ ቆሞ ፎቶ ይነሳል።

ሙሄ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ግድግዳው መናገር ይጀምራል። የሚናገረው በሙሄ ድምፅ ነው፤ በሠላሳ አራት ዓመቱ በተቀረጸ ድምፅ። «አንደኛ ደረጃ፤ አበጋሩ ዱዓ ያደርጋል» ይላል። ለዱዓው አሥራ ሁለት ሰከንድ ተፈቅዷል። «ሁለተኛ ደረጃ፤ የበዳይ ወገን ጥፋቱን ያምናል» እያለ ይቀጥላል። ስድስተኛው ላይ ሲደርስ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ያኔ አቧራ ገብቶበት ነበር የሚል ማብራሪያ በማስተማሪያው ግርጌ ላይ አለ፤ ይሁንና በመላ አገሪቱ ያሉ አዳራሾች ሁሉ እዚያች ቦታ ላይ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ከዚያ «ስድስተኛ ደረጃ፤ እናት አውፍ ትላለች» ይላሉ። አውፍ ማለት ይቅር ማለት ነው።

ሙሄ እነዚህን ሦስት ቃላት አጥብቆ ይጠላል። ውሸት ናቸው፤ ውሸቱን የፈጠረውም እሱ ነው።

በ2023 ዓ.ም. ከአንድ ዩኒቨርሲቲ የማህበራዊ ሥራ ትምህርት ክፍል አንዲት ተማሪ ወደ ጨፌ ውሃ መጥታ ነበር። የምንማርበት መጽሐፍ ሁሉ ባሕር ማዶ የተጻፈ ነው፣ የኛ ሰው ኀዘኑንና ቂሙን እንዴት እንደሚያክም ከናንተ ልማር አለች። ልጅቷ አልተሳሳተችም፤ ክፋትም አልነበረባትም። የሙሄ አባት ግን ምሳ አብልተው መርቀው ሸኟት እንጂ አንድ ቃል አልተነፈሱም። የደም ቃል ደም በሌለበት ቦታ እንዲነገር አይወዱም፤ በከንቱ ከተነገረ መከራውን ይጠራዋል ብለው ያምኑ ነበር። ሙሄ እስከ አስፋልቱ ሊሸኛት ወጣ። ወጣት ነበር፣ የአባቱ ወንበር እየተቃረበለት ነበር፣ መቅረጫ ተደቅኖበትም አያውቅ። እየተግደረደረ ትንሽ ትንሽ ነገራት።

እስከ አምስተኛው ድረስ እውነቱን ተናገረ። ስድስተኛው ላይ ፈራ። እውነተኛው ስድስተኛ ላይ የሟች እናት ትጠየቃለች፤ በመጀመሪያው ቀን ደግሞ እናት እምቢ ትላለች። ቃሉ «ዛሬ አይሆንም» ነው። ይኼኔ አበጋሩ ይነሳና «እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ» ይላል። ሰው ሁሉ አንገቱን ይደፋል፤ እናትየዋን ማንም አያያትም፣ ማንም አይቀየማትም። ከዚያ አበጋሩ ቀን ይጠይቃታል። ከአጨዳ በኋላ ትላለች፣ ወይ ለከርሞ ትላለች። ቀኑ ሲደርስ እንደገና ይቀመጣሉ። አንዳንዷ በሦስተኛው አውፍ ትላለች፣ አንዳንዷ በሰባተኛው፣ አንዳንዷ ሳትል ትሞታለች። ቀን እስካለ ድረስ ግን ከሁለቱም ወገን መሣሪያ የሚያነሳ የለም። ደሙን ያደረቀው ቀጠሮው ነበር።

ሙሄ ይህን አስፋልት ዳር ቆሞ፣ ደም በሌለበት፣ በአፉ ማለት ከበደው። እናቱ በሕይወት ነበረች፤ ሁለት ወንድሞችም ነበሩት። የእናት እምቢታ ተጠርቶ እቤታቸው ቢገባስ? ስለዚህ ጉሮሮውን ጠረገና «እናት አውፍ ትላለች» አለ። ተማሪዋ ቀና ብላ «ወዲያው?» አለችው። «ወዲያው» አላት። ጻፈችው፣ አመሰገነችው፣ አውቶቡሷ መጣ።

ጥናቷ መጽሐፍ ሆነ፣ መጽሐፉ ኮርስ ሆነ፣ ኮርሱ መመሪያ፣ መመሪያው አዋጅ። ማንም ማህበራዊ ሠራተኛ ሀገር በቀል ፈውስ ሳይማር እንዳይመረቅ፣ የደም ጉዳይም ሁሉ በዘጠኙ ደረጃዎች እንዲያልቅ ተደነገገ። በአዋጁ መሠረት አውፍ ያላለች እናት ያልተፈወሰች ትባላለች። ያልተፈወሰ ሰው ለማህበረሰቡ ስጋት ስለሆነ፣ እስኪፈወስ ድረስ በፈውስ ማረፊያ ይቆያል። የሚወስደው መኪና አረንጓዴ ነው፤ ጎኑ ላይ ዋርካ ተስሎበታል። የላይ ሰፈሯ ሰዓዳ አራት ወር ቆይታ ተመልሳለች። ሰው ባናገራት ቁጥር ፈገግ ትላለች። የልጇ መቃብር ላይ ሲወስዷትም ፈገግ ብላለች።

ሙሄ ይህን ሁሉ ዘመን ዝም ያለው በፍርሃት ብቻ አይደለም። ምን ይደበቃል፣ ነገሩ ተመችቶታል። ሚኒስትር ጨብጦታል፤ ስሙ በማስተማሪያው የመጀመሪያ ገጽ ላይ አለ። ኅሊናው ሲቆረቁረው ደግሞ መላ አበጀለት፤ እናቶቹን በር ላይ ይጠብቅና በጆሯቸው «ቃል ነው፤ በይውና ሂጂ» ይላቸዋል። ይሉታል፣ ይሄዳሉ። ከእርቁ በኋላ በዓመቱ ወይ በሁለት ዓመቱ ሰው ሲገደል ግድያው አዲስ ጉዳይ ተብሎ አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል፤ በዚህ ምክንያት የጨፌ ውሃ የፈውስ መጠን ከዘጠና ሰባት በመቶ ወርዶ አያውቅም።

ለማክሰኞ የተቀጠረው የዘምዘም አራጋው ጉዳይ ነበር። ልጇን አንዋርን የገደለው ቶፊቅ ሐሰን የሚባል የሰፈራቸው ልጅ ነው፤ መስኖው በር ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በአካፋ። ከሁለት ዓመት በፊት የቶፊቅን ታላቅ ወንድም የገደለው ደግሞ የአንዋር አጎት ነበር። ያኔ የቶፊቅ እናት ከዚሁ አዳራሽ መጥታ፣ ከዚሁ ሙሄ ፊት ተቀምጣ፣ በሃያ ስምንተኛው ደቂቃ አውፍ አለች። እሷንም በር ላይ በጆሮዋ ያናገራት ሙሄ ነው። ከዚያ በኋላ በስድስት ወሯ ሞተች።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሙሄ ዘምዘምን ፍለጋ ወደ መስኖው ወረደ። የውሃው በር በተራው ሰዓት ስም ጠርቶ ይከፈታል፤ ባለተራው ካልተገኘ እስከ ወቅቱ መጨረሻ ተራውን ያጣል። ስለዚህ ዘምዘም ልጇ በተቀበረ ማግስት እንኳ እዚሁ ነበረች። አሁንም መቆፈሪያዋን ጭኗ ላይ አጋድማ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ዘምዘም።»

«ወአለይኩሙ ሰላም፣ አባ ሙሄ። ይቀመጡ፤ ውሃው ሊመጣ ስምንት ደቂቃ ቀርቶታል።»

ጉልበቱን ይዞ ተቀመጠ። «ለነገው ጉዳይ ነው የመጣሁት» አላት።

«አውቃለሁ። ሌላውን ሰው በር ላይ ነው አሉ የሚያናግሩት። ለኔ እስከዚህ መውረድዎ ምን አጥፍቼ ነው?»

«እንደማትዪ ስለማውቅ ነው።»

«አልልም» አለች ዘምዘም። ድምፅዋን ከፍም ዝቅም አላደረገችም። «ወላሂ አልልም። ልጄ ከሞተ ዛሬ ሀምሳ ሁለት ቀኑ ነው። ገና ስሙን ከተራው ላይ አላወጡትም። ጠዋት ጠዋት ይሄ በር አንዋር እያለ ይጣራል።»

«ይወስዱሻል፣ እቴ።»

«ይውሰዱኝ።»

«ሰዓዳን አይተሻታል።»

ዘምዘም በመቆፈሪያው ጫፍ አፈሩን ትጭር ጀመር። «አያቴን ያስታውሷት ይሆን?» አለች። «የሷን ጉዳይ የያዙት አባትዎ ናቸው። እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዋርካው ሥር ዛሬ አይሆንም ስትል አባትዎ ብድግ አሉ፤ ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። ሦስት ዓመት እየተመላለሱ ጠየቋት፤ አንድ ቀን ፊታቸውን አላጠቆሩባትም። ያ ነገር መቼ ነው የቀረው፣ አባ ሙሄ?»

ሊነግራት ይችል ነበር። ከነሱ በቀር ሰው አልነበረም፣ ውሃውም ገና አልመጣም።

«አዋጁ ሲመጣ ቀረ» አላት።

«ማን አስቀረው?»

«ከላይ ነው።»

ይህ ሁለተኛ ውሸቱ ነበር፤ ከመጀመሪያውም ይከፋል። ያኛውን ሲዋሽ ቢያንስ ወጣት ነበር፣ ምን እንደሚያስከትልም አያውቅም። በሩ «ዘምዘም አራጋው» ብሎ ተጣራና ውሃው መጣ። ተነሥታ ቀሚሷን ሰበሰበች።

«አብሽሩ» አለችው፣ ተጨናቂው እሱ ሆኖ ስላገኘችው። «እኔ ነገ እንደ አያቴ ነው የምለው። አንቱ ያሻዎትን ያድርጉ።»

በማግስቱ ጠዋት ፈቃዱን የሚያድሱት መጡ። መዛኟ ዶክተር ኤልዳና ከአዲስ አበባ አሥራ ሁለት ተማሪዎቿን አስከትላ የመጣች፣ ሀገር በቀል ፈውስን የምታስተምር መምህርት ናት። ትሁት ሴት ናት፤ ሙሄን ስታይ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ትጨብጠዋለች፣ ንግግሯንም ሁሉ «ይህ የእናንተ እውቀት ነው» ብላ ትጀምራለች። ሙሄ የሚመዘነው በዘምዘም ጉዳይ ላይ ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ኤልዳናን ለብቻዋ ዋርካው ጥግ ወሰዳት።

«ስድስተኛው ውሸት ነው» አላት።

አልደነገጠችም። «ቁጭ ብለን እናውራ፣ አባ።»

ቁጭ ብሎ ሁሉንም ነገራት። አስፋልቱን፣ ፍርሃቱን፣ እምቢታውን፣ ቀጠሮውን። በሠላሳ አምስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ኤልዳና አንድም ጊዜ አላቋረጠችውም።

«ይህን ስላካፈሉኝ ከልቤ አመሰግናለሁ» አለች ሲጨርስ። «ሰው በዕድሜ ሲገፋ የራሱን ትረካ ይከልሳል። ለተማሪዎቼም የማስተምረው ነው፤ ሰባተኛው ሳምንት ላይ አለ።»

«አልከለስኩም። ያኔ ዋሸሁ ነው የምልሽ።»

«ይገባኛል። ግን ቃሉ የተመዘገበ ቅርስ ነው፣ አባ። ማንም እንዳይነካው በሕግ ይጠበቃል። የውጭ ሰው መጥቶ እንዳያበላሸው ስንል ያመጣነው ሕግ ነው።»

«የቃሉ ባለቤት እኮ እኔ ነኝ።»

«የቃሉ ባለቤት የሠላሳ አራት ዓመቱ ሙሄ ይመር ነው። እርስዎ ባለፈቃድ ነዎት» አለች፤ ቅር እንዳይለው በለሰለሰ ድምፅ። «ደግሞ ያስቡት። በዚህች አገር ስንት ሺህ እናቶች አውፍ ብለዋል? ዛሬ ተነሥተን እምቢ ማለት ትችሉ ነበር ብንላቸው ምን ይሆናሉ? ለመሆኑ እናት እምቢ የምትልበት ፈውስ ማንን ይፈውሳል?»

«ማንንም። ቀን ነው የሚሰጠው። ሰው ቀን ካለው ይጠብቃል እንጂ አይገድልም።»

ኤልዳና ይህን ደስ ብሏት ጻፈችው። «በጣም ቆንጆ አባባል ነው» አለች። «ለመግቢያው ገጽ ይሆናል።» ከዚያ ሰዓቷን አየችና ተማሪዎቿን ልታስቀምጥ ሄደች። ሙሄ ሰው መምታት ያማረው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሦስት ሰዓት ላይ ግድግዳው ጀመረ። ቶፊቅ በግራ በኩል ከአባቱ ከሐሰን ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል፤ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፣ እጁ ላይ የተቆለፈው አምባር ቀይ ያበራል። ዘምዘም በቀኝ በኩል ብቻዋን ናት። ተማሪዎቹ ከኋላ ተደርድረዋል።

ዱዓው በአሥራ ሁለት ሰከንድ አለቀ። ቶፊቅ ጥፋቱን አመነ፤ የሚለውን በደንብ አጥንቶታል፣ አንድ ቃል አልሳተም። ሐሰን የምሕረት መለመኛውን ሣር ይዞ ተንበረከከ፤ ሣሩን በየሳምንቱ የሚያቀርበው ማዕከሉ ነው። ሃያ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ግድግዳው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ስድስተኛ ደረጃ፤ እናት አውፍ ትላለች።»

ዘምዘም ዝም አለች። አበጋሩ ሦስት ጊዜ እንዲያስታውስ ይፈቀድለታል። «ዘምዘም፣ አውፍ ትያለሽ?» አላት ሙሄ። ጥቂት ቆይቶ ደገመላት። ከውጭ የመኪና በር ሲከፈት ተሰማ፤ ሾፌሩ ከሁለተኛው ማስታወሻ በኋላ ተዘጋጅቶ እንዲጠብቅ ታዟል። ሙሄ ለሦስተኛው አፉን ሳይከፍት ዘምዘም ቀና ብላ አየችው።

«ዛሬ አይሆንም» አለች።

ሙሄ ዕድሜውን ሙሉ የሸሸው ቃል ይህ ነበር። ፈራ፤ ከፍርሃቱ ጋር ደግሞ ደስ አለው፣ ደስታው እንባ እንባ አለው። ዘንጉን ተደግፎ ተነሣ። እሱ እምቢታውን ካነሣላት አይወስዷትም፤ ቀኗንም ታገኛለች። አባቱ ብድግ ሲሉ እንደሚያደርጉት ደረቱን ነፋ።

«እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ» አለ። «ዘምዘምን ማንም አይያት።»

አዳራሹ ውስጥ የድሮውን የሚያውቁ ሁለት ሽማግሌዎችና የገዳይ አባት ሐሰን ነበሩ። ሦስቱም ሳይነጋገሩ አንገታቸውን ደፉ። ቶፊቅ አባቱን አየና እሱም ደፋ፤ አባቱ ሣር ይዞ ሲንበረከክ ሳይሆን በእውነት ያፈረ የመሰለው ያኔ ነው። ተማሪዎቹ ግን ምን እንደሚጽፉ ግራ ገብቷቸው ዘምዘም ላይ አፍጥጠዋል። ሙሄ ወደሷ ዞረ። አንድ ጥያቄ ነበር የቀረው፤ መቼ እንምጣ ሊላት ነው።

«ሰባተኛ ደረጃ» አለ ግድግዳው፣ በዚያ ደስ ባለው ድምፅ። «ወገኖች ይጨባበጣሉ።»

ዋርካው ላይ በተሰቀለው ሰሌዳ ጽሑፍ ወጣ፦ እምቢተኛ፣ ሙሄ ይመር። የእናት እምቢታ፣ አልተመዘገበም። መዝገቡ ባዶ ቦታ አይወድም፤ እምቢታ ያልተመዘገበባት እናት አውፍ እንዳለች ትቆጠራለች። በዚያው ቅጽበት የቶፊቅ አምባር አረንጓዴ ሆነና ተከፍቶ ምንጣፉ ላይ ወደቀ።

«አላልኩም» አለች ዘምዘም። ሙሄም «መቼ…» ብሎ ጀምሮ ነበር፤ የግድግዳው ድምፅ ሁለቱንም ዋጣቸው። ሁለት አስተናጋጆች መጥተው በብብቱ ያዙት። እያከበሩ ነው የያዙት፣ እንዳይደናቀፍም ዘንጉን ተቀበሉት።

ኤልዳና እስከ መኪናው ድረስ ተከተለችው፤ ጉንጯ ቀልቷል። «አባ፣ ያቺን ዓረፍተ ነገር አንድ ጊዜ ቢደግሙልኝ?» አለች። «እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ የምትለዋን። ተማሪዎቼ ከባለቤቱ አፍ ቢሰሟት ብዬ ነው።»

ሙሄ ወደ መኪናው ገባ።

«ችግር የለም» አለች። «አዳራሹ ቀርጾታል።»

የፈውስ ማረፊያው ንጹሕ ነው። ምግቡ ጥሩ ነው፣ አልጋው ጥሩ ነው፣ ግቢው ውስጥ አበባ አለ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ግድግዳው በሙሄ ድምፅ ይቀሰቅሳል። ከቁርስ በኋላ ሁሉም ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ አብዛኞቹ እናቶች ናቸው። አስተናጋጁ በየተራ «ዛሬስ?» ይላቸዋል። አውፍ ያለች ዕቃዋን ትሸክፋለች። እናቶቹ ሙሄን ሲያዩ መጀመሪያ አላወቁትም፤ ድምፁን ግን አወቁት፤ ሽማግሌ ሆኖም ያው ድምፅ ነው። ከዚያ ወዲያ አጠገቡ የሚቀመጥ አልተገኘም።

«ዛሬስ?» ይለዋል አስተናጋጁ ተራው ሲደርስ።

«አውፍ የምለው ማንን ነው?» ይላል ሙሄ።

አስተናጋጁ ቅጹን ያያል። ቅጹ ላይ የተጻፈው «ለጉዳዩ» ነው። «ጉዳዩን» ይለዋል። ሙሄ አውፍ ሳይል ተራው ያልፋል። እንዲህ እያለ አምስት ሳምንት ሄደ።

በስድስተኛው ሳምንት ዘምዘም ልትጠይቀው መጣች። የጥየቃ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛና ቆሞ የሚጠብቅ አስተናጋጅ አለ። ከስታለች። ከጉያዋ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ አውፍ ስለማለቷ የተሰጣት ምስክር ወረቀት ነው። ከላይ ዋርካ፣ ከታች ማኅተም አለበት።

«እኔ አላልኩም» አለችው።

«አላልሽም።»

«ሰው ሁሉ ብለሻል ነው የሚለኝ። ቶፊቅ በየቀኑ በደጄ ያልፋል፤ እናቴ እንደምን አደርሽ ይለኛል። ዘጠነኛ ደረጃ ነው አሉኝ፣ እንዲል ታዟል። እሱም ሲለው ዓይኑ ይቅበዘበዛል። ትንሹ ልጄ ጅብሪል ከሎጊያ ሥራውን ትቶ መጥቷል። አይበላም፣ አይናገርም፣ መንገዱን ሲያይ ይውላል። እስከ መቼ ጠብቅ ልበለው? ቀን የለኝም እኮ፣ አባ ሙሄ። ያን ዕለት ቀን ሳይጠይቁኝ ወሰዱዎት።»

ሙሄ ጅብሪልን በዓይነ ሕሊናው አየው። የቀጣዩን ጉዳይ ቁጥርም አየ። ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻለም፤ እዚያው ጠረጴዛው ላይ አፍ አውጥቶ ነገራት። መስኖው ዳር «ከላይ ነው» ያላት ሰው እሱ ራሱ መሆኑን፣ አስፋልት ዳር ቆሞ ምን እንዳለ፣ ምን እንዳላለ፣ ለምን እንዳላለ። ዘምዘም እጇን ወረቀቱ ላይ አድርጋ ሰማችው።

«የቶፊቅ እናት» አለች ሲጨርስ። «ያን ጊዜ ልጇ ሲሞት። እሷም ዛሬ አይሆንም ማለት ትችል ነበር?»

«ትችል ነበር።»

«ብትል ኖሮ ቶፊቅ ቀን ይኖረው ነበር።»

«አዎ።»

«አንዋር…»

«አዎ» አለ ሙሄ። ዓይኗን ማየት አልቻለም። «እኔ ነኝ። አስቤው አይደለም፤ ግን እኔ ነኝ። አውፍ በዪኝ፣ ዘምዘም።»

ለረጅም ጊዜ አየችው። ንዴት አልነበረባትም፤ ንዴት ቢኖርባት ይሻለው ነበር። ወረቀቱን በመጣበት እጥፋቱ አጥፋ ጉያዋ ከተተችውና ተነሣች።

«ዛሬ አይሆንም» አለች።

ሙሄም ተነሣ። ዘንግ ስለሌለው ጠረጴዛውን ነው የተደገፈው። «ደግ» አለ። «ደግ ነው፣ እቀበላለሁ። ቀን ብቻ ስጪኝ። የፈለግሽውን ቀን።»

በሩ ጋ ደርሳ ነበር። ዞረች።

«ቀን የሚጠይቀው አበጋሩ ነው፣ አባ ሙሄ» አለችው። «በዳይ ቀን አይጠይቅም። ይህን አንቱ ያጡታል?»

ወጣች። አስተናጋጁ ወንበሯን ወደ ቦታው መለሰ፤ ሙሄ ክፍሉን ዙሪያውን ቃኘ። በግቢው ውስጥ ከሱ በቀር አበጋር አልነበረም።